ፊዩም ሁድን ማወቅና መምረጥ፦ ለደምበጫና ለአካባቢው ላቦራቶሪዎችና ወርክሾፖች

ፊዩም ሁድ ከኬሚካል የሚወጣውን ጭስ፣ ትነትና ጋዝ የሠራተኛው አፍንጫ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ስቦ ከሕንፃው ውጭ የሚያስወጣ ከፊል ዝግ የሥራ ቦታ ነው። ከፊቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስታወት፣ ከኋላው አየር የሚያሳልፉ ስንጥቆች ያሉት ሰሌዳ፣ ከላዩ ቱቦ፣ በቱቦው ጫፍ ደግሞ መሳቢያ ፋን አለው። በግዢ ጊዜ ዓይን የሚገባው ሣጥኑ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን አየሩ ነው። አየሩ ከክፍሉ ተነሥቶ በመስታወቱ ሥር ይገባል፣ በሰሌዳው ስንጥቆች ያልፋል፣ በቱቦ ወጥቶ ከጣሪያ በላይ ይበተናል። ከዚህ መንገድ አንዱ ቦታ ከተበላሸ ሣጥኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከፊቱ የቆመውን ሰው አያድንም።

ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,080 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ መስመር ከኬሚካል ጋር የሚውል ሰው ጥቂት አይደለም። የሁለተኛ ደረጃና የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህራን አሉ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሉ፤ በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና በዙሪያው ባሉ ፋብሪካዎች ጥራት የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች፣ በየከተማው ደግሞ የብየዳ፣ የባትሪና የመኪና ቀለም ሠራተኞች አሉ። አብዛኛው የሁድ ካታሎግ ግን የተዘጋጀው ለባሕር ወለል አየር፣ ለማይቋረጥ መብራትና በቅርብ ለሚገኝ የጥገና ባለሙያ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ምርጫውን ከሥራው ይጀምራሉ፤ ከፍታውን፣ ክረምቱንና የመብራቱን መቆራረጥም ከስሌቱ ውስጥ ያስገባሉ።

1. የሚወጣውን ነገር መመዝገብ

ምርጫው የሚጀምረው ከዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ከኬሚካል ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ነገር ይጻፋል፦ የኬሚካሉ ስም፣ በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት መጠን፣ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም፣ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራበታል። የእያንዳንዱ ኬሚካል የደኅንነት መረጃ ሰነድ ትነቱ መርዛማ፣ ተቀጣጣይ ወይም ብረት የሚበላ መሆኑን ይናገራል።

በአካባቢው የሚሠሩ ምርመራዎች ፍላጎታቸው እጅግ ይለያያል። የአፈርን ናይትሮጅን ወይም የእህልን ፕሮቲን በኬልዳል ዘዴ የሚለካ ላቦራቶሪ ናሙናውን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያፈላዋል፤ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድና የአሲድ ጉም ነው። የቅባት እህልን ዘይት የሚመረምር ላቦራቶሪ ሄክሴን ይጠቀማል፤ የሄክሴን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ሄክሴን በባሕር ወለል የሚፈላው በ69 ዲግሪ ሲሆን በደምበጫ ከፍታ ግን በ61 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ የማሞቂያ ልክ በዚህ ከፍታ ትነቱን ያበዛዋል። የወተትን ቅባት በገርበር ዘዴ የሚለካ ሰው ከሰልፈሪክ አሲድና ከአሚል አልኮል ጋር ይሠራል። በትምህርት ቤት ደግሞ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ የአሞኒያና የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ትነት ዋናዎቹ ናቸው።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ የትኛው ሥራ ጭርሱን ሊቀር እንደሚችል ይታያል። ቤንዚን የተባለውን የላቦራቶሪ ማሟሚያ በቶሉዊን መተካት፣ የክፍል ማሳያ ሙከራን በጥቂት ጠብታ መሥራት፣ ጋዝ የሚያወጣን ሙከራ በቪዲዮ ማሳየት ሁድ ከመግዛት ይረክሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ይህ ዝርዝርም አሠሪው ስጋቱን እንደመረመረ የሚያሳይ የመጀመሪያው ሰነድ ይሆናል።

2. ሁድ ነው ወይስ ሌላ መሣሪያ?

መልካቸው የሚመሳሰል ሦስት መሣሪያዎች በግዢ ላይ ይምታታሉ። ፊዩም ሁድ ሰውን ከኬሚካል ይጠብቃል፣ አየሩንም ሁሉ ወደ ውጭ ያስወጣል። ባዮሴፍቲ ካቢኔት ሰውንና ናሙናውን ከተሕዋስያን ይጠብቃል፤ የሄፓ ማጣሪያው ተሕዋስያንንና ብናኝን ይይዛል፣ ትነትን ግን አይዝም፤ አብዛኛው የክፍል ሁለት ካቢኔት ካጣራው አየር ከፊሉን መልሶ ወደ ሥራ ቦታው ይለቃል። ላሚናር ፍሎው የሚባለው ጠረጴዛ ደግሞ ንጹሕ አየር ወደ ሠራተኛው ፊት ይነፋል፤ የሚጠብቀው ናሙናውን ብቻ ነው።

የቲቢ አክታ የሚመረምር የጤና ተቋም ከኬሚካል ሁድ ይልቅ ባዮሴፍቲ ካቢኔት ይፈልጋል። ሄክሴን የሚያሞቅ ላቦራቶሪ በባዮሴፍቲ ካቢኔት ከሠራ ትነቱ በካቢኔቱ ውስጥ እየዞረ ይከማቻል፤ የሞተሩ ብልጭታም ሊያቀጣጥለው ይችላል። በላሚናር ፍሎው ላይ አሲድ ማሞቅ ደግሞ ጭሱን ወደ ገዛ ፊት እንደመንፋት ነው። ስለዚህ በግዢ ጥያቄ ላይ «ሁድ» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ የሚሠራው ሥራና የሚወጣው ነገር አብሮ ይጻፋል።

3. ዓይነቱን መለየት

በጣም የተለመደው ዓይነት የማይለዋወጥ የአየር መጠን ያለው ባይፓስ ሁድ ነው። መስታወቱ ሲዘጋ ከላይ ያለ ቀዳዳ ስለሚከፈት ፋኑ የሚስበው መጠን ሳይለወጥ በጠባቡ ክፍተት የሚገባው አየር ከልክ በላይ አይፈጥንም። ባይፓስ የሌለው ተራ ሁድ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መስታወቱ ዝቅ ሲል አየሩ እየፈጠነ ዱቄት ይበትናል፣ እሳት ያጠፋል።

የአየር መጠኑ የሚለዋወጥ ዘመናዊ ዓይነት መስታወቱ ዝቅ ሲል የፋኑን ሥራ ይቀንሳል። ትልቁ ጥቅሙ በብዙ ወጪ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ የክፍል አየር ወደ ውጭ እንዳይባክን ማድረጉ ነው። በጎጃም ደጋ ላቦራቶሪዎች በአብዛኛው በማሞቂያም በማቀዝቀዣም ስለማይሠሩ ይህ ቁጠባ ትንሽ ነው። ዳሳሽና መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ሲበላሽ የሚተካው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሁድ ብቻ ለሚያስፈልገው የደምበጫ ተቋም ባይፓስ ያለው የማይለዋወጥ ዓይነት ይበቃል።

ቱቦ የሌለው ሁድ አየሩን በካርቦን አጣርቶ ወደዚያው ክፍል ይመልሳል። ተከላው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማጣሪያው ይጠግባል፣ ሲጠግብም በዓይን አይታይም። ተራ ካርቦን አሞኒያንና ፎርማልዲሃይድን በሚገባ ስለማይዝ ለእነዚህ በልዩ ኬሚካል የተነከረ ማጣሪያ ያስፈልጋል። አሲድ ለማፍላት ጭርሱን አይሆንም። ምትክ ማጣሪያ በወቅቱ የማይገኝ ከሆነ ሁድ ያለ የሚመስል፣ በእውነቱ ግን ምንም መከላከያ የሌለው ክፍል ይፈጠራል።

ሁለት ልዩ ሥራዎች የራሳቸውን ሁድ ይጠይቃሉ። ፐርክሎሪክ አሲድ ሲሞቅ ትነቱ በቱቦው ውስጥ ፐርክሎሬት ሆኖ ይጋገራል፤ ያ ጋገራ በመመታት ወይም በሙቀት ሊፈነዳ ስለሚችል ሁዱና ቱቦው በውኃ የሚታጠብበት መስመር ያስፈልገዋል። ብዙ አሲድ በየቀኑ የሚያፈላ ላቦራቶሪ ደግሞ ጭሱን በውኃ የሚያጥብ ስክራበር ቢጨምር ቱቦውንም ጎረቤቱንም ያድናል።

4. ቁሳቁሱን ከኬሚካሉ ጋር ማዛመድ

ለአሲድ ሥራ የውስጥ ግድግዳው ፋይበር ግላስ፣ ኢፖክሲ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። ፖሊፕሮፒሊን አሲድን በደንብ ይችላል፣ ነገር ግን ይቃጠላል፤ ምድጃና ተቀጣጣይ ማሟሚያ በብዛት ለሚውልበት ሥራ ኢፖክሲ ወይም የማይዝግ ብረት ይሻላል። የማይዝግ ብረትን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስ ይበላዋል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መስታወትን ስለሚበላ ለእርሱ ከፊት ያለው መስኮት ከፖሊካርቦኔት ይሠራል። ለሌላው ሥራ ቴምፐርድ መስታወት ይበቃል።

በአካባቢ አናጺና ብረት ሠሪ የሚሠራ ሁድ ዋጋው ቅናሽ ነው፤ ለትምህርት ቤትም ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን አራት ነገር ሊጎድለው አይገባም፦ ከፊት ታችኛው ጠርዝ ላይ አየርን አለስልሶ የሚያስገባ ክብ ከንፈር፣ ከታችም ከላይም ስንጥቅ ያለው የኋላ ሰሌዳ፣ ባይፓስ፣ በማንኛውም ቁመት ላይ ሳይወድቅ የሚቆም መስታወት። የኋላ ሰሌዳ የሌለው ሁድ ከላይ ብቻ ስለሚስብ ከአየር የሚከብደው ትነት ከታች ይቀራል። የመብራት ማብሪያና ሶኬት ከሁዱ ውስጥ ሳይሆን ከውጭው አካል ላይ ይተከላሉ።

5. የአየሩን መጠን ማስላት

ሁዱ የሚያስፈልገው አየር የሚገኘው መስታወቱ ለሥራ ሲከፈት ያለውን የአፉን ስፋት በአየሩ ፍጥነት በማባዛት ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ፍጥነት በሰከንድ ከ0.4 እስከ 0.6 ሜትር ሲሆን 0.5 ጥሩ መነሻ ነው። ፍጥነቱን መጨመር ጥበቃውን ያጠናክራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ አየሩ ከልክ በላይ ሲፈጥን በሠራተኛው ደረት ፊት ሽክርክሪት ይፈጥርና ጭሱን ወደ ውጭ ይጎትታል።

ለምሳሌ አፉ 1.2 ሜትር የሚሰፋ፣ መስታወቱ ለሥራ 45 ሴንቲ ሜትር የሚከፈት ሁድ ይወሰድ። ስፋቱ 0.54 ካሬ ሜትር ነው። በ0.5 ሲባዛ በሰከንድ 0.27 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 972 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያው ሁድ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ እንዲሠራ ቢፈለግ በሰዓት 1,512 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። መስታወቱን በ45 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያቆም መቆለፊያ መግጠም ፋኑንም፣ ቱቦውንም፣ የመብራት ወጪውንም ያሳንሳል፤ የሠራተኛውን ፊትም ከመስታወቱ ጀርባ ያደርገዋል።

ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 7፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ከላይ የተሰላው አንድ ሁድ ይህን አየር በሰዓት ስድስት ጊዜ ያህል ያወጣዋል፤ ሁለት ሁድ ከሆነ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ይሆናል። ይህን ያህል የሚተካ አየር መግቢያ ካላገኘ ፋኑ በባዶ ይታገላል፣ በሩም ለመክፈት ይከብዳል፣ ሁዱም ይታፈናል።

6. ለከፍታውና ለመብራቱ ማስተካከል

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 1,013፣ በደምበጫ 790 ገደማ፣ በደብረ ማርቆስ 755 ገደማ ሄክቶፓስካል ነው። አየሩ በደምበጫ ከአምስት አንድ እጅ በላይ፣ በደብረ ማርቆስ ሩብ ያህል ሳስቷል ማለት ነው። ይህ በምርጫው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

በሰከንድ 0.5 ሜትር የሚለው ፍጥነት አይለወጥም። በተመሳሳይ ዙር የሚሽከረከር ፋንም በየትኛውም ከፍታ ያንኑ ያህል ሜትር ኩብ አየር ያንቀሳቅሳል። የሚቀንሰው የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ የቱቦውና የክርኑ ተቃውሞም አብሮ ስለሚቀንስ ቱቦ ብቻ ያለው መስመር ብዙም አይጎዳም። ችግሩ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ወፍራም የካርቦን ወይም የሄፓ ማጣሪያ ሲኖር ነው፦ የማጣሪያው ተቃውሞ ከአየሩ መሳሳት ጋር እኩል ስለማይቀንስ ደካማው የፋን ግፊት አይበቃውም። ሁለተኛው ተቃውሞውን በደምበጫ አየር አስልቶ ፋኑን በባሕር ወለል ካታሎግ መምረጥ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት አየር መሰላት አለባቸው። ስለዚህ ከአቅራቢው የሚጠየቀው ለ2,100 ሜትር ወይም ለ2,450 ሜትር ከፍታ የተሰላ የፋን ሰንጠረዥ ነው።

የተለመደ ሞተር የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ነው። ከዚያ በላይ የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚሳሳ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ጄኔሬተርም የፋንን ዙር የሚቆጣጠር ኢንቨርተርም በከፍታ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ሁሉም ትንሽ ትርፍ አቅም ይዘው ይገዛሉ።

በኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት በአንድ ፌዝ፣ 380 ቮልት በሦስት ፌዝ፣ 50 ኸርዝ ነው። በእርዳታ ወይም በአገልግሎት ላይ ከዋለ ዕቃ ገበያ የሚመጣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ፋን ቮልቴጁ ቢስተካከልለት እንኳ በ50 ኸርዝ ዙሩ ከስድስት አንድ እጅ ያንሳል፤ አየሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 0.5 ሜትር ይሰጥ የነበረው ሁድ ወደ 0.42 ይወርዳል። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ሞተር እንዲቀየርለት ወይም የፋኑ መዘውር እንዲለወጥ ያስፈልጋል።

የመለኪያ መሣሪያም በከፍታ ይሳሳታል። በሞቀ ሽቦ የሚሠራ አኒሞሜትር ከፍታ ካልተሞላለት በደምበጫ እውነተኛውን 0.5 ሜትር 0.39 አድርጎ ያሳያል፤ በደብረ ማርቆስ 0.37 አድርጎ። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ደኅና የሚሠራን ሁድ ጉድለት አለበት ብሎ ይጥለዋል፣ ወይም ፋኑን ያለአግባብ ያፈጥናል። ንባቡ በደምበጫ በ1.28፣ በደብረ ማርቆስ በ1.34 ሲባዛ ይስተካከላል። በትንሽ ማራገቢያ የሚሠራው አኒሞሜትር በከፍታ ብዙም አይዛባም።

7. ቦታውን፣ የመግቢያ አየሩንና ቱቦውን ማዘጋጀት

ሁድ ሰው ከሚመላለስበት መንገድ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ከበር ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይርቃል። ከፊቱ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው የሚያንቀሳቅሰው አየር ሁዱ ከሚስበው አየር ስለሚፈጥን ጭሱን ጎትቶ ሊያወጣ ይችላል። ከሚከፈት መስኮት አጠገብም አይተከልም። የክፍሉ ነፋስ በሁዱ አፍ ዙሪያ በሰከንድ ከ0.15 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

የሚተካው አየር ከሁዱ ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ በሚተከል ዝግዛግ የአየር መግቢያ ይገባል። ለ0.27 ሜትር ኩብ በሰከንድ አየሩ በአንድ ሜትር ፍጥነት እንዲገባ ከተፈለገ ነጻ ክፍተቱ 0.27 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የመግቢያው ክንፎችና ወንፊቱ ግማሹን ስለሚሸፍኑ በግድግዳው ላይ የሚቆረጠው ወደ 0.54 ካሬ ሜትር ነው። ማሞቂያ የማያስፈልገው የአካባቢው አየር ይህን ቀላል ዘዴ ያስችላል፤ በበጋ ግን አቧራ ስለሚገባ ወንፊቱ በየወሩ ይጸዳል።

በቱቦው ውስጥ ያለው ፍጥነት በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ለምሳሌው ሁድ ዲያሜትሩ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 5.5 ሜትር ገደማ ይሰጣል። ለአሲድ ጭስ የፕላስቲክ ቱቦ ይመረጣል፤ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ በአሲድ ቶሎ ይቀደዳል። ክርኖች ጥቂትና ሰፋ ያሉ ይሁኑ። ፋኑ በጣሪያ ላይ ወይም ከሕንፃው ውጭ ይቀመጣል፤ እንዲህ ሲሆን በቤት ውስጥ ያለው ቱቦ ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚስብ ቢሰነጠቅ እንኳ ጭስ አያፈስም። የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ፋን ግን ሞተሩ በጭሱ መንገድ ላይ ስለሚቀመጥ ለተቀጣጣይ ትነት አደገኛ ነው።

የጭስ ማውጫው ጫፍ ከጣሪያው ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ይላል፤ በመስኮትና በአየር መግቢያ አቅጣጫም አይተከልም። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ የሚደረገው የቆርቆሮ ቆብ ጭሱን መልሶ ወደ ጣሪያ ስለሚገፋው አይጠቅምም። በጎጃም ክረምት ፋኑ በቆመበት ሰዓት የሚገባውን ውኃ የሚያስወግደው ከላይኛው ቱቦ ዙሪያ ሰፋ ያለ እጅጌ ማልበስና ከፋኑ ሥር የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መተው ነው። ቱቦው ጣሪያውን በሚሻገርበት ቦታ ቆርቆሮው በሚገባ ይደፈናል።

8. መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት መዘጋጀት

መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፤ የሞቀው አሲድ ግን መትነኑን አያቆምም። ስለዚህ ሁዱ ሲተከል ምድጃው መብራት የሚያገኘው በፋኑ ኮንታክተር በኩል ይሁን፤ ፋኑ ካልሠራ ምድጃውም አይሠራም። መብራቱ ሲመለስ ሁለቱም በራሳቸው እንዳይነሡ፣ ሰው ቁልፉን ሲጫን ብቻ እንዲነሡ ይደረጋል። አየሩ ሲቀንስ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል።

ጄኔሬተር ያለው ተቋም ቢያንስ የሁዱን ፋን ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር ያገናኛል። ጄኔሬተር ለሌለው የሚለጠፈው መመሪያ አጭር ነው፦ ምድጃውን ማጥፋት፣ መስታወቱን እስከ ታች ማውረድ፣ መስኮትና በር መክፈት፣ ከክፍሉ መውጣት። ረጅም ሰዓት የሚፈጅ የአሲድ ማፍላት መብራት በሚጠፋበት የተለመደ ሰዓት አይጀመርም።

9. በወርክሾፕና በፋብሪካ፦ በምንጩ አጠገብ መሳብ

ብየዳ፣ ባትሪ መሙላት፣ ቀለም መርጨትና ትልቅ ገንዳ በላቦራቶሪ ሁድ ውስጥ አይገቡም። ለእነዚህ የሚያገለግለው ጭሱ በሚነሣበት ቦታ አጠገብ የሚስብ አፍ ነው። ሻማን እፍ ብሎ ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል፣ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ግን ከቅርብም ያስቸግራል፤ የመሳቢያ አፍም እንዲሁ ነው። ከአፉ አንድ ዲያሜትር ያህል ሲራቅ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

ዲያሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ክንድ ከብየዳው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ የ0.5 ሜትር ፍጥነት እንዲፈጥር በሰከንድ 0.46 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይፈልጋል። ያው ክንድ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ 0.12 ይበቃዋል። ስለዚህ ትልቅ ፋን ከመግዛት በፊት አፉን ማስጠጋት ይቀድማል። ጋልቫናይዝድ ብረት የሚበይድ ሠራተኛ የዚንክ ጭስ ስለሚተነፍስ ማታ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊለው ይችላል፤ ለእርሱ ይህ ክንድ ዋናው መከላከያ ነው።

ከላይ የሚንጠለጠል ጃንጥላ መሰል መሳቢያ የሚያገለግለው ጭሱ በሙቀት ራሱ ወደ ላይ ለሚወጣበትና ሠራተኛው ከበላዩ ለማያጎነብስበት ሥራ ብቻ ነው። ሠራተኛው በገንዳው ላይ ካጎነበሰ ጭሱ ወደ መሳቢያው የሚሄደው በአፍንጫው በኩል ነው። ለአሲድ ገንዳ ከጎኑ የሚተከል ረጅም ስንጥቅ መሳቢያ ይሻላል። የባትሪ ክፍል ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ከጣሪያው ሥር መውጫ ያስፈልገዋል፤ ብልጭታ የሚያወጣ ማብሪያም አይገባበትም።

10. ሲረከቡ መፈተሽ

ሁድ በፋብሪካ ተፈትኖ ቢመጣም በተተከለበት ክፍል እንደገና ይፈተሻል። በዓለም ዙሪያ የሚታወቁት የፍተሻ ስልቶች የአሜሪካው አሽሬ 110 እና የአውሮፓው ኢኤን 14175 ናቸው። በአሽሬ 110 ጠቋሚ ጋዝ በሁዱ ውስጥ በደቂቃ 4 ሊትር ተለቅቆ ከፊቱ በቆመ አሻንጉሊት አፍንጫ ዘንድ ይለካል፤ በተከላ ቦታ ብዙ ጊዜ እንደ ማለፊያ ልክ የሚወሰደው ከአንድ ሚሊዮን 0.1 እጅ አለመብለጡ ነው። ይህ መሣሪያ በቅርብ ለማይገኝለት ተቋም ቢያንስ ሁለት ፍተሻ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ፍጥነት መለካት ነው። የሁዱ አፍ ጎናቸው ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ መሃል ይለካል፤ አማካዩ ከተስማሙበት ፍጥነት ጋር ይነጻጸራል፤ አንድም ነጥብ ከአማካዩ ከ20 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም። ሁለተኛው ጭስ ማየት ነው። የጭስ ቱቦ ከሌለ፣ በሁዱ ውስጥ ምንም ተቀጣጣይ ነገር አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የተለኮሰ ሰንደል በአፉ ዙሪያና 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይያዛል። ጭሱ ያለመንገራገር ወደ ኋላ መሄድ አለበት። በሩ ሲከፈትና ሰው ሲያልፍም ይደገማል። ጭሱ ወደ ውጭ ከተመለሰ ርክክቡ አይፈረምም።

11. አጠቃቀም፣ ጥገናና የግዢ ሰነድ

በሁድ ውስጥ ሥራ የሚሠራው ከአፉ ጠርዝ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ነው። ትላልቅ ዕቃዎች የኋላውን ስንጥቅ እንዳይደፍኑ በእግር ከፍ ተደርገው ይቀመጣሉ። ሁድ የኬሚካል መጋዘን አይደለም፤ በውስጡ የተከማቸ ጠርሙስ የአየሩን መንገድ ያግዳል፣ እሳት ቢነሣም ያባብሳል። ሥራ ሲያበቃ መስታወቱ ይወርዳል።

በየቀኑ በመስታወቱ ሥር የተንጠለጠለ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ወደ ውስጥ መዘንበሉ ይታያል። በየወሩ የፋኑ ቀበቶና የአየር መግቢያው ወንፊት፣ ከክረምት በፊትና በኋላ የጭስ ማውጫውና የውኃ ማፍሰሻው፣ በየዓመቱ ደግሞ ፍጥነቱ ይመረመራል፤ ቀኑና ውጤቱም በሁዱ ላይ ይለጠፋል።

የግዢ ሰነዱ የሚከተሉትን ይይዛል፦ የኬሚካሎቹ ዝርዝር፤ የአፉ ስፋትና የሥራ ቁመት፤ የሚፈለገው ፍጥነትና የአየር መጠን፤ የቦታው ከፍታ በሜትር፤ 50 ኸርዝና የፌዙ ዓይነት፤ የውስጥ ግድግዳና የቱቦ ቁሳቁስ፤ የመግቢያ አየርና የጭስ ማውጫ ተከላ፤ የምድጃና የፋን ትስስር፤ በተከላ ቦታ የሚደረግ ፍተሻና የማለፊያ ልኩ፤ ትርፍ ቀበቶ፣ ሞተርና የአማርኛ የአጠቃቀም መመሪያ። ቱቦውን፣ ፋኑንና ተከላውን ያላካተተ ዋጋ የሣጥን ዋጋ ብቻ ስለሆነ ከሌላው አቅራቢ ዋጋ ጋር የሚነጻጸረው እነዚህ ከተጨመሩበት በኋላ ነው።